ሜፊስቶን የሠራው ሰውዬ ራሱ ጆሮ ጠቢ ነበር

ጨለማ_ክፍል
ሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ስለ ምሥራቅ አውሮፓ ፊልም በተወራ ቁጥር እኔ የማነሳው አንድ ሰው እንደሆነ የቆያችሁ ታውቃላችሁ። የሃንጋሪው ኢሽትቫን ሳቦ። ሜፊስቶን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ላላየው ባጭሩ፦ ሄንድሪክ ሆፍገን የሚባል የጀርመን ተዋናይ አለ። ጎበዝ ነው፣ ግን የዝና ጥም አቃጥሎታል። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጓደኞቹ ግማሹ ይሰደዳል፣ ግማሹ ይታሰራል። እሱ ይቀራል። መጀመሪያ "እኔ ምን አገባኝ፣ ተዋናይ ነኝ" ይላል። ቀጥሎ ትንሽ ጎንበስ ይላል። ከዚያም ትንሽ። እንዲህ እንዲህ እያለ በርሊን ውስጥ የትልቁ ቴአትር ቤት አለቃ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስሙን ያስጠራው ሚና ደግሞ ሜፊስቶ ነው፣ ነፍስ የሚገዛው ሰይጣን። ሻጩ ግን ራሱ ነው።

መጨረሻውን ያየ አይረሳውም። ጄኔራሉ (የሂትለርን ሹም ጎሪንግን አስመስለው የሳሉት ሰውዬ) ሆፍገንን በሌሊት ባዶ ስታዲየም ይዞት ይገባል። መሀል ሜዳ እንዲወርድ ያደርገውና ከየአቅጣጫው ፓውዛ ይለቁበታል። ሰውዬው ከብርሃኑ ሊያመልጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ብርሃን ሲለምን የኖረ ሰው! "ከእኔ ምን ፈልገው ነው? እኔ እኮ ተዋናይ ብቻ ነኝ" ይላል። አለቀ።

ፊልሙ በ1981 ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ኦስካር ወሰደ። በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ሃንጋሪ ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሰሞኑን ስለ ሰውዬው ሳነብ ክው አልኩ። ለካ በ2006 አንድ የቡዳፔስት ሳምንታዊ ጋዜጣ ከድሮው የደህንነት መዝገብ ቤት የሳቦን ፋይል አውጥቶ ኖሯል። ከ1957 ጀምሮ የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ መረጃ አቀባይ ነበር። 48 ሪፖርት ጽፏል። 72 ሰው ተጠቅሷል። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቹና አስተማሪዎቹ ናቸው።

ሦስት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለሥልጣን ስላደሩ ሰዎች ከእሱ የተሻለ ፊልም የሠራ አላውቅም። ታዲያ ሲፈርድ የነበረው በሌላው ላይ ነው ወይስ በራሱ? ከዚህ በኋላ ፊልሞቹን እንዴት እንያቸው?

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር
ሰኞ፣ ማታ 3:24

ጆሮ ጠቢ ጆሮ ጠቢ ነው። በኦስካር አይታጠብም። ደህና እደሩ።

---

ማሂ_ዳኑብ
ሰኞ፣ ማታ 4:02

@ሳሪስ ቆይ እንጂ፣ ገና ሳይጀመር የት ትሄዳለህ 😄

እኔ ቡዳፔስት ነው የምማረው፣ እዚህ ሰውዬውን ሁሉም ያውቀዋል። በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። እነሱ የቤተሰብ ስም ነው የሚያስቀድሙት፣ ስለዚህ ሳቦ ኢሽትቫን ነው የሚባለው። ሳቦ ማለት ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ስልክ ማውጫ ላይ ስንት ሺህ ሳቦ እንዳለ አትጠይቁኝ።

ዘመኑን ሳናውቅ ግን መፍረድ ይከብዳል። ጥቅምት 1956 ሕዝቡ በኮሚኒስቱ መንግሥት ላይ ተነሣ። ኅዳር ላይ የሶቪየት ታንክ ገብቶ አፈነው። 200 ሺህ ያህል ሰው ድንበር አቋርጦ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኢምሬ ናጅ በ1958 ተሰቀለ። ሳቦ የተወለደው የካቲት 1938 ነው። እንግዲህ ፖሊሶቹ ሲይዙት 19 ዓመት ቢሆነው ነው። የቤተሰቡ ሥር አይሁድ ስለሆነ በጦርነቱ ጊዜ ከወላጆቹ ተነጥሎ ተደብቆ ነው የተረፈው። ሐኪሙ አባቱ ደግሞ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት በዲፍቴሪያ ሞተ። ይህ ልጅ ነው ፖሊስ ፊት የተቀመጠው።

ይቅር በሉት አላልኩም። ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ እንወቅ ነው ያልኩት።

---

ጨለማ_ክፍል
ሰኞ፣ ማታ 4:15

ማሂ የ19 ዓመቱን ልጅ እኔም ይቅር እለዋለሁ። ያናደደኝ የ68 ዓመቱ ሰውዬ ነው። ነገሩ ሲወጣ መጀመሪያ ምን አለ መሰላችሁ? በሕይወቴ የሠራሁት ደፋር ሥራ ይሄ ነው አለ። የክፍል ጓደኛዬን ፓል ጋቦርን ከገመድ ለማትረፍ ነው የገባሁበት አለ። በኋላ ታሪኩ አልገጥም ሲል ዋናው ምክንያቱ ከትምህርት ቤት ላለመባረር እንደነበር አመነ። ሆፍገን ራሱ እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው! ሲያጎነብስም ለሰው ብዬ ነው ይላል።

---

ሊሊ_ሙኒክ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:40

ሆፍገን ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። ጉስታፍ ግሩንድገንስ የሚባል እውነተኛ የጀርመን ተዋናይ ነው ከጀርባው ያለው። መጽሐፉን የጻፈው ክላውስ ማን፣ የቶማስ ማን ልጅ ነው። ግሩንድገንስ ደግሞ የክላውስን እህት ኤሪካን አግብቶ የፈታ ሰው ነው። የቤተሰብ ጉድ ነው ባጭሩ። ክላውስ በስደት ሆኖ በ1936 አሳተመው። ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ግን የግሩንድገንስ ወራሽ ከሶ መጽሐፉን አሳገደ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ በ1971 እገዳው ጸና። ሆኖም በ1981፣ ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ አንድ አሳታሚ ደፍሮ አወጣውና እንደ ትኩስ ዳቦ ተቸበቸበ። ሟቹን ተዋናይ ከመጽሐፍ ለማዳን ያን ያህል ተለፋ፣ አንድ ሃንጋሪያዊ መጥቶ ለዓለም ሁሉ አሳየው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አላነሳውምና። ሆፍገን ጥቁር ፍቅረኛ አለችው፣ ዩልየተ፣ ዳንስ የምታስተምረው። ካሪን ቦይድ ናት የተጫወተቻት። ፊልሙን ካየሁት ቆየሁ፣ ከእሱ ይልቅ እሷ ናት ትዝ የምትለኝ። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል እውነቱን ፊት ለፊት የምትነግረው እሷ ብቻ ናት። እሱ ደግሞ የሚወዳት በር ተዘግቶ ነው። ቆዳዋ ለሥልጣኑ አደገኛ ሲሆን ወደ ፓሪስ ትሸኛለች። ጀርመን አገር ለምኖር ጥቁር ሴት ይህ ቦታ ሌላ ትርጉም አለው፣ ከዚህ በላይ አላብራራም።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:05

እሺ ይሄ ሰውዬ ሰባት ሰዓት የሚፈጀውን ፊልም የሠራው ነው አይደል? ላሙ ብቻ ሲሄድ የሚታይበት። አስር ደቂቃ አይቼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

---

ካሜራ_ማን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:30

@ሳሪስ ያ ቤላ ታር ነው ወዳጄ። እሱም ሃንጋሪያዊ ነው፣ ግን ሌላ ዓለም። ላሞቹ ይከበሩ።

ሳቦ የፊት ሰው ነው። የሰው ፊት። ካሜራውን የሰው ፊት ላይ ይተክልና ዝም ይላል። የሚያነሣለት ላዮሽ ኮልታይ ነው፣ በ1980 ከወጣው "መተማመን" ከሚባለው ፊልም ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። መተማመንን ያላያችሁ እዩ። 1944 ነው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሐሰት መታወቂያ እንደ ባልና ሚስት አንድ ክፍል ውስጥ ይደበቃሉ። አይተዋወቁም። ሰውዬው ማንንም አያምንም፣ እሷንም ጨምሮ። ፊልሙ በሙሉ ማለት ይቻላል ሁለት ፊትና አንድ ክፍል ነው። በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ምርጥ ዳይሬክተር ተባለበት።

ሜፊስቶ ላይ ደግሞ የክላውስ ማሪያ ብራንዳወርን ፊት አስተውሉ። ብቻውን ሲሆን ፊቱ ባዶ ነው። ሰው ሲገባ ይሞላል። በር ሲከፈት በሰከንድ ውስጥ ሲቀየር ይታያችኋል። ይህን በንግግር አታገኙትም።

አሁን ለጨለማ_ክፍል ጥያቄ። አንተ ሰውዬው ደብቆን ኖረ ብለህ ነው የተናደድከው። እኔ ግን ከ1966 ጀምሮ ነግሮናል ባይ ነኝ። አባት የሚለውን ሁለተኛ ፊልሙን አይተሃል?

---

ጨለማ_ክፍል
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:41

አላየሁም። ንገረን።

---

ካሜራ_ማን
ማክሰኞ፣ ቀን 6:50

ምሳ ሰዓት ነው፣ በሞባይል ነው የምጽፈው፣ ፊደል ቢሳሳት አትፍረዱብኝ።

አንድ ልጅ አለ፣ ታኮ ይባላል። አባቱ ሐኪም ነበር፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ሞተ (እንደ ሳቦ አባት)። ልጁ ትዝ የሚለው ቁርጥራጭ ነገር ስለሆነ የቀረውን ይፈጥራል። አባቴ አርበኛ ነበር፣ እንዲህ አደረገ፣ እንዲያ ጣለ እያለ ለክፍል ልጆች ያወራል። ያድግና ዩኒቨርሲቲ ይገባል። አንድ ቀን ለአንድ ፊልም ቀረጻ አጃቢ ተዋናይ ሆኖ ይቀጠራል። ድልድይ ላይ ነው። ቢጫ ኮከብ ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ አይሁድ ከሚነዱት መሀል ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ የቀረጻው ሰዎች ነጂ አንሶናል ይሉና ከሰልፉ ያወጡታል። ኮከቡን ያወልቃል፣ የቀስት መስቀልን (የሃንጋሪ ናዚዎቹን) የክንድ ጨርቅ ያስራል። እዚያው ድልድይ ላይ፣ እነዚያኑ ሰዎች፣ አሁን እሱ ይነዳቸዋል።

ድራማ የለበትም። ማንም አይጮህም። "አንተ፣ ና ወዲህ፣ ይህን ልበስ" ነው። የልብስ ጉዳይ ነው።

ሳቦ ይህን ሲያነሣ ሪፖርት መጻፍ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሀገር ምድሩ አይቶታል፣ ሞስኮ ላይ ሳይቀር ታላቅ ሽልማት ወስዷል። እኛ የዘመኑ ታሪክ ነው ብለን አየነው። ሰውዬው ግን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመሻገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በእጁ ያውቃል። ኑዛዜ ነው ልል አልፈልግም። ኑዛዜ የሚሰማ ቄስ ይፈልጋል፣ እዚህ የሰማ አልነበረም።

---

ማሂ_ዳኑብ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

ኦ! የአባት መጨረሻውስ? ልጁ አባቱን ትቶ በራሱ አንድ ነገር ልሥራ ብሎ ዳኑብን ዋኝቶ ሊሻገር ይገባል። ጀግና ሆነ ስትሉ ካሜራው ወደ ኋላ ይሸሽና ወንዙ ሙሉ በሚዋኙ ወጣቶች ተሞልቶ ታያላችሁ። ብቻውን አልነበረም። ከዚያ በኋላ በድልድዩ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ታች አያለሁ።

ቱዞልቶ ጎዳና ደግሞ ትምህርት ቤቴ አጠገብ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጎዳና ማለት ነው። በ1973 የጎዳናውን ስምና ቁጥር 25ን ርዕስ ያደረገ ፊልም አለው። ሊፈርስ ያለ የድሮ ቤት ነዋሪዎች በመጨረሻው ሌሊት የሚያዩትን ሕልም ነው የሚያሳየው። ሙታኑም በሩን እያንኳኩ ይገባሉ። ሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን ነብር ወስዷል። እውነት ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። ሕልሙ የማን እንደሆነ ይጠፋኛል።

---

ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ማታ 2:48

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን አንድ ቃል ልበል።

የእኛ ዘመን ሰው "ጆሮ ጠቢ" የሚለውን ቃል እንዲህ እንደ ዋዛ አይጠራውም። ሰው የሞተበት ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ሰው በጻፈው ሪፖርት የተጎዳ አለ? የታሰረ? የሞተ? ይህ ሳይታወቅ ስለ ፊልሙ ውበት መነጋገር ለእኔ ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው።

---

ጨለማ_ክፍል
ማክሰኞ፣ ማታ 3:05

ጋሼ እንኳን ብቅ አሉ። ልክ ነዎት፣ መጀመሪያ ማንሣት የነበረብኝ እሱን ነው።

ኢሽትቫን ዴያክ የሚባሉ የታሪክ ምሁር ጉዳዩን ተመልክተው ጽፈዋል። እሳቸው እንደሚሉት ጉልህ ጉዳት የደረሰው በአንድ ሰው ላይ ነው፣ ፓስፖርት ተከልክሏል። ፋይሉ ሲወጣ ደግሞ ከመቶ በላይ የታወቁ የሃንጋሪ ምሁራንና ከያንያን ለሳቦ የድጋፍ ደብዳቤ ፈርመዋል። ከፈራሚዎቹ መሀል እሱ ሪፖርት የጻፈባቸው ሰዎች አሉ።

---

ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

አንድ ፓስፖርት በዚያ ዘመን አንድ ዕድሜ ነው ልጄ። ግን ገባኝ። የተጻፈባቸው ከፈረሙለት እኔ ማን ነኝ።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር
ማክሰኞ፣ ማታ 3:31

እኔ አልፈርምም ነበር። መቶ ሰው ፈረመ ማለት መቶ ሰው የራሱ ፋይል እንዳይወጣ ፈራ ማለትም ሊሆን ይችላል። (ጋሼ ይቅርታ፣ አክብሬዎት ነው።)

---

ሊሊ_ሙኒክ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:58

ሳሪስ ያልከው ክፉ ግምት ነው፣ ማስረጃ የለህም። ግን ስሜቱ ይገባኛል።

እኔን የገረመኝ ከሜፊስቶ በኋላ አለመተዉ ነው። ኦስካር ወሰድክ፣ በቃ ፍቅር ምናምን ሥራ። እሱ ግን ያንኑ ቁስል ደጋግሞ ይነካካል። በ1985 ኮሎኔል ሬድል። ከጋሊሺያ የመጣ የደሃ ልጅ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ በመሆን ብቻ እያደገ የኦስትሮ ሃንጋሪ የስለላ ሹም ይሆናል። ሥራው የገዛ ባልደረቦቹን መሰለል ነው። በመጨረሻ ወጥመዱ ለራሱ ይዞራል፣ ሽጉጥ ይሰጠውና ክፍል ውስጥ ብቻውን ይተዉታል። ወዲያ ወዲህ የሚልበትን ደቂቃ ማየት ያስጨንቃል። በ1988 ሃኑሰን፣ ስለ ናዚዎች ዘመን የተነበየው ጠንቋይ። ሦስቱም ላይ ብራንዳወር ነው።

በ1999 ሰንሻይን መጣ። ሦስት ሰዓት ይሞላል፣ ሦስት ትውልድ፣ ሬይፍ ፋይንስ አያትም አባትም ልጅም ሆኖ ይጫወታል። ስማቸውን ይቀይራሉ፣ ሃይማኖታቸውን ይቀይራሉ፣ ለአገር በሻሞላ ወርቅ ያመጣሉ። አገሪቱ ግን አትቀበላቸውም። የመጨረሻው ደግሞ ለኮሚኒስቶቹ ፖሊስ መርማሪ ይሆናል። በግሌ ይበዛብኛል፣ ሦስት ፊልም አንድ ላይ የተጨመቀ ነው።

የሚበልጥብኝ የ2001ዱ ነው፣ ወገን መለየት ልንለው እንችላለን። ጦርነቱ አብቅቶ አንድ አሜሪካዊ ሻለቃ ታላቁን የጀርመን ሙዚቃ መሪ ፉርትቬንግለርን ይመረምራል። ለምን አልሄድክም? ለምን ለናዚዎች አጫወትክ? ሻለቃው ባለጌ ነው፣ ግን ጥያቄው ልክ ነው። ፉርትቬንግለር ጨዋ ነው፣ ግን መልሱ ጎዶሎ ነው። መጨረሻ ላይ ሳቦ ራሱ ያላነሣውን ነገር ያሳየናል፣ እውነተኛ የዘመኑን ፊልም። ኮንሰርቱ አልቋል፣ የናዚ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ከመድረኩ ሥር መጥቶ እጁን ይዘረጋል። ፉርትቬንግለር ጎንበስ ብሎ ይጨብጠዋል። ከዚያ በግራ እጁ የያዘውን መሀረብ ወደ ቀኝ እጁ ያዛውራል። ይኸው ነው። ላቡን ነው ወይስ ጭብጨባውን የጠረገው? ሳቦ አይመልስም፣ ቦታውን አቅርቦ ያሳያችኋል።

---

ካሜራ_ማን
ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

ሊሊ "ጭብጨባ" አይደለም፣ "ጭበጣ" 😄 ጭብጨባው ሌላ ነው። በነገራችን ላይ ቀለል ያለ ነገር የሚፈልግ የ1992ቷን ውድ ኤማን ይይ። የሩሲያ ቋንቋ አስተማሪዎች ሥርዓቱ ሲቀየር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ተምራችሁ አስተምሩ ሲባሉ። ቀለል ያለ አልኩ እንዴ? አይደለም። ትንሽና መራራ ነው።

---

ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ጠዋት 12:35

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው በጠዋት የምጽፈው። የሊሊ መሀረብ ነው ያስነሣኝ።

በ1970 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) ታስሬ ነበር። ሰባት ወር። ማን እንደጠቆመኝ የነገረኝ የለም፣ መርማሪው ፊት ግን እኔና አንድ ሰው ብቻ የምናውቀው ነገር ተነበበልኝ። ስለዚህ አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ሰውየውን ሃያ ስድስት ዓመት አላየሁትም። አንድ ቀን የጋራ ወዳጅ ሞቶ ለቅሶ ቤት ስገባ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ሸብቷል። ብድግ አለና እጁን ዘረጋልኝ። ሰው ሁሉ ያያል። ለቅሶ ቤት ነው። ጨበጥኩት። ከጎኑ ያለው ቦታ ብቻ ነበር ባዶው፣ እዚያው ተቀመጥኩ። ንፍሮ መጣ። ሳህኑን ተቀበለና መጀመሪያ ለእኔ አሻገረ። ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ረጅም ጊዜ አየሁት። ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ፊልሙን የት እንደማገኝ አንዳችሁ ብትነግሩኝ።

---

ማሂ_ዳኑብ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

ጋሼ 🙏 በውስጥ መስመር ጻፍኩልዎት። እኔ ጋ አለ፣ እልክልዎታለሁ።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:00

ጋሼ፣ ያ ሰውዬ አንድም ቀን አላነሣውም? ይቅርታ አልጠየቀም?

---

ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:14

አላነሣም። እኔም አላነሣሁ። ሞቷል አሁን።

---

ጨለማ_ክፍል
ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። አባትን አገኘሁትና አየሁት። ካሜራ_ማን ያልከው ቦታ ልክ እንዳልከው ነው፣ ክንዱ ላይ ጨርቁን ሲያስር ፊቱ ላይ ምንም የለም። ብዙም አይቆይም። ባትነግረኝ ኖሮ አልፌው ነበር።

በ2006 የዋሸው ውሸት አሁንም ያናድደኛል። ሰውዬው በካሜራ ሲናገር አይዋሽም፣ በአፉ ሲናገር ነው የሚዋሸው። እና እስከ 2020 ድረስ ሠርቷል እኮ። የመጨረሻው ፊልሙ "መደምደሚያ ሪፖርት" ይባላል። ብራንዳወርን ከስንት ዓመት በኋላ መልሶ አምጥቶ የልብ ሐኪም አድርጎታል። 48 ሪፖርት ጽፎ ፊልሙን "ሪፖርት" ብሎ ሲሰይም ምን ተሰምቶት ይሆን ብዬ ሳቅሁም፣ አልሳቅሁምም። (በእርግጥ ሐኪም ስለ በሽተኛው የሚጽፈው ወረቀትም በእነሱ ቋንቋ እንዲሁ ነው የሚጠራው አሉ። ማሂ ታርመኛለች።)

---

ማሂ_ዳኑብ
ረቡዕ፣ ማታ 2:52

ልክ ነህ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ የሚሰጥህ ወረቀት ነው። እኔም ባለፈው ክረምት አንድ ተሰጥቶኛል፣ ለጨጓራ 😅

---

ጡረተኛው
እሑድ፣ ከሰዓት 10:05

ትናንት ማታ ከልጄ ጋር አየነው። የመሀረቡ ቦታ ሲደርስ ወደ ኋላ መልሺው አልኳት። መለሰችው። ደግሞ መልሺው አልኳት። "አባዬ ምን ጠፍቶህ ነው?" አለችኝ። የቱ እጅ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው አልኳት።

ቀኝ እጁ ነው።

ቀጥሎ ሜፊስቶን ልናይ ነው። ከሥር የሚጻፈው ፊደል አነሰብኝ፣ ማተለቅ የሚቻለው በየት በኩል ነው?